ኧርነስት ራዘርፎርድ፤ የተዳፈነውን የምድር እሳት ያገኘው የባላገር ልጅ

የትምህርት ቤታችንን የምሥረታ በዓል ምክንያት በማድረግ በሚወጣው በዚህ መጽሔት ላይ፥ እኛ የሳይንስ ክበብ አባሎች የአንድ ታላቅ ሊቅ የሕይወት ታሪክ እንድንጽፍ ዕድል ስለ ተሰጠን ደስታችን ከፍ ያለ ነው። ስለ ማን እንጻፍ ብለን ስንመካከር፥ ከመካከላችን አያሌዎቹ የነገሥታትንና የጦር አለቆችን ስም ጠሩ። በመጨረሻ የተስማማነው ግን ጦር ሳይመራ፥ ዙፋንም ሳይወርስ፥ ሰው ሁሉ ስለሚረግጣት ስለ ምድር የነበረውን አሳብ በለወጠ በአንድ የባላገር ልጅ ላይ ነው። ስሙም ኧርነስት ራዘርፎርድ ይባላል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢዎቻችን እንዲያስታውሱልን እንለምናለን።

ወደ ታሪኩ ከመግባታችን በፊት፥ በየቡና በአካባቢዋ ያደገ ሁሉ የሚያውቀውን አንድ ነገር እናስታውስ። ማታ ቡናው ተጠጥቶ፥ ረከቦቱ ተነሥቶ፥ ቤተ ሰብ ሊተኛ ሲል እናቶቻችን ፍሙን በአመድ ይዳፍኑታል። ሌሊቱን ምድጃው የጠፋ ይመስላል፤ ጠዋት አመዱ ሲገለጥ ግን ፍሙ እንደ ቀላ ይገኛል። የቤቱን ልማድ የማያውቅ እንግዳ ሌሊት ተነሥቶ የምድጃውን ድንጋይ ቢዳስስና ሞቆ ቢያገኘው፥ እሳቱ የጠፋው ገና አሁን ነው ብሎ ይገምታል። የሚሳሳተውም ማሰብ ስለማይችል ሳይሆን፥ ከአመዱ በታች ፍም መኖሩን ስላላወቀ ነው። የራዘርፎርድ ታሪክ በምድር ሆድ ውስጥ ስለ ተዳፈነው እንዲህ ያለ ፍም ነው።

ኧርነስት ራዘርፎርድ በ1871 ዓ.ም. ኦገስት 30 ቀን በኒው ዚላንድ፥ ኔልሰን በምትባለው ከተማ አጠገብ በሚገኝ የገጠር ስፍራ ተወለደ። አባቱ ጄምስ በልጅነታቸው ከስኮትላንድ የመጡ ሰው ሲሆኑ፥ የጋሪ መንኰራኵር በመሥራት፥ ኋላም የቃጫ ተክል በመፋቅ ቤታቸውን ያስተዳድሩ ነበር። እናቱ ማርታ ከእንግሊዝ አገር የመጡ አስተማሪ ነበሩ። ባልና ሚስቱ ዐሥራ ሁለት ልጆች ወለዱ፤ ኧርነስት አራተኛው ነበረ። እንደ ማንኛውም የገጠር ልጅ ላም ያልብ፥ እንጨት ይለቅም፥ በአባቱም ሥራ ይረዳ ነበር። ቤቱ ሐዘን ያላየ ቤት አልነበረም፤ በ1886 ዓ.ም. ሁለት ወንድሞቹ ባሕር ላይ ሰጥመው ሞቱ። እናቱ በዚህ ሁሉ መካከል የልጆቻቸውን ትምህርት ለአንድ ቀን እንኳ ቸል አላሉም። ልጃቸውም በሰው አገር በኖረበት ዘመን ሁሉ ለእኒህ እናት ደብዳቤ መጻፉን አላቋረጠም።

አንባቢዎቻችን እንዲያስተውሉልን የምንፈልገው፥ የራዘርፎርድ መንገድ ከመጀመሪያው የተጠረገ አለመሆኑን ነው። የአባቱ ገቢ ለከፍተኛ ትምህርት ስለማይበቃ፥ በነጻ መማር የሚችለው የውድድር ፈተና ሲያልፍ ብቻ ነበር። ወደ ኔልሰን ኮሌጅ ለመግባት የተፈተነውን የመጀመሪያውን ፈተና አላለፈም፤ በሁለተኛው አለፈ። ወደ ዩኒቨርሲቲ ለመግባትም እንዲሁ አንድ ጊዜ ወድቆ፥ ሁለተኛ ተፈትኖ አለፈ። በ1890 ዓ.ም. በክራይስትቸርች ከተማ ወደሚገኘው ካንተርበሪ ኮሌጅ ገብቶ፥ በሒሳብና በፊዚክስ የላቀ ውጤት አገኘ። ምርምሩን የጀመረው በምድር ቤት ውስጥ ተማሪዎች ልብሳቸውን በሚሰቅሉባት አንዲት ጠባብ ክፍል ነበር። በዚያች ክፍል የሚያስፈልገውን መሣሪያ በገዛ እጁ እየሠራ፥ የኤሌክትሪክ ብልጭታ በብረት መግነጢስ ላይ የሚያደርገውን ለውጥ መረመረ። ከዚህ በኋላ የአስተማሪነት ሥራ ፈልጎ ቋሚ ቦታ አጣ።

በ1895 ዓ.ም. ከኒው ዚላንድ አንድ ተማሪ ብቻ ወደ እንግሊዝ አገር የሚላክበት የነጻ ትምህርት ዕድል መጣ። ዕድሉ በመጀመሪያ የተሰጠው ለሌላ ሰው ነበር፤ ያ ሰው መሄዱን ሲተወው ለራዘርፎርድ ደረሰ። ይህ ዜና ሲመጣ ወጣቱ በቤተ ሰቡ ማሳ ድንች እየቈፈረ ነበር፤ ወሬውንም ሲሰማ መቈፈሪያውን ጥሎ ከእንግዲህ ድንች አልቈፍርም አለ እየተባለ እስከ ዛሬ ይነገራል። የመሳፈሪያ ገንዘቡን ተበድሮ በመርከብ ተነሣ።

በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ካቨንዲሽ በሚባለው ላቦራቶሪ በታላቁ ሊቅ በጆሴፍ ጆን ቶምሰን ሥር ተመደበ። ጊዜው ለፊዚክስ አዲስ ዘመን የጠባበት ነበር። በ1895 ዓ.ም. መጨረሻ በጀርመን አገር የኤክስ ጨረር ተገኘ፤ በ1896 ዓ.ም. ደግሞ ፈረንሳዊው ሄንሪ ቤክሬል፥ ዩራኒየም የሚባለው ማዕድን ማንም ሳይነካው ከራሱ ጨረር እንደሚያወጣ አየ። ራዘርፎርድ ይህን ነገር ተከታተለ። በ1898 ዓ.ም. በካናዳ፥ በሞንትሪያል ከተማ በሚገኘው ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ሆኖ ሲሾም ገና የ27 ዓመት ወጣት ነበረ። ከዩራኒየም የሚወጣውንም ጨረር ለይቶ አልፋና ቤታ ብሎ ሰየመው። ከፍሬዴሪክ ሶዲ ጋር አብሮ በመሥራትም በ1902 እና በ1903 ዓ.ም. አንድ አስደናቂ ነገር አስረዳ፤ ይኸውም ጨረር የሚያወጣ አቶም ጨረሩን ሲለቅ ወደ ሌላ ንጥረ ነገር እንደሚለወጥ ነው። እስከዚያ ጊዜ ድረስ አቶም አይለወጥም ይባል ስለ ነበር፥ ይህን መናገር ብዙ ድፍረት ይጠይቅ ነበር።

ይህ ለውጥ በዘፈቀደ የሚሄድ አይደለም። የያንዳንዱ ንጥረ ነገር ግማሹ ተለውጦ የሚያልቅበት የተወሰነ ጊዜ አለው። ራዲየም በ1,600 ዓመት ገደማ፥ ዩራኒየም 238 ግን በ4.5 ቢሊዮን ዓመት ያህል ይጋመሳል። ከዚህም ጋር አቶሙ ሲለወጥ ሙቀት ይለቃል። በ1903 ዓ.ም. ፒየር ኩሪና አልበርት ላቦርድ በፓሪስ ራዲየም ሳያቋርጥ ሙቀት እንደሚሰጥ ለኩ፤ አንድ ግራም ራዲየም በየሰዓቱ 100 ካሎሪ ያህል ይሰጣል። ይህም ማለት በክብደት ከራሱ ጋር እኩል የሆነውን ውሃ በየሰዓቱ ከበረዶ ደረጃ እስከ መፍላት ያደርሰዋል፤ ይህንንም ለብዙ መቶ ዓመታት ይሠራል። ራዘርፎርድም ይህን ሙቀት ለክቶ የሚመጣው ከአቶሞቹ መለወጥ መሆኑን አረጋገጠ። እንግዲህ በማሠሮ ውስጥ ያለች ጥቂት ራዲየም እንዲህ ከሠራች፥ በምድር ዐለት ሁሉ የተበተነው ዩራኒየምና ቶሪየም ምን ይሠራል? ይህ ጥያቄ ራዘርፎርድን ከአንድ የተከበሩ ሽማግሌ ፊት አቆመው።

እኒህ ሽማግሌ ሎርድ ኬልቪን ነበሩ። ስለ ሙቀት የደረሱበት ሕግ ዛሬም በክፍላችን የምንማረው ነው፤ አንዱ የሙቀት መለኪያም በስማቸው ይጠራል። ማዕድን ቈፋሪዎች ወደ ምድር ጥልቀት በወረዱ ቍጥር ሙቀት እየጨመረ መሄዱን ያውቃሉ፤ በብዙ ስፍራ በአንድ ኪሎሜትር ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይጨምራል። ኬልቪን ከዚህ ተነሥተው፥ ምድር በመጀመሪያ የቀለጠች ትኩስ ኳስ ከነበረችና ከዚያ ወዲህ አዲስ እሳት ሳይጨመርባት የምትቀዘቅዝ ከሆነ፥ አሁን ካለችበት ለመድረስ ስንት ዓመት ወሰደባት ብለው አሰሉ። ይህ ከምድጃ የወረደችን ጀበና በእጅ ዳስሶ፥ ከወረደች ምን ያህል ጊዜ እንደ ሆናት እንደ መገመት ያለ ነው። በ1862 ዓ.ም. የሰጡት መልስ ከ20 እስከ 400 ሚሊዮን ዓመት ነበር፤ በ1897 ዓ.ም. ደግሞ ከ20 እስከ 40 ሚሊዮን ወደሚሆን አጠበቡት። ዐለትን የሚመረምሩት ሊቃውንት ተራራ ተሸርሽሮ ሜዳ እስኪሆን፥ ጭቃም ተደራርቦ ድንጋይ እስኪሆን ይህ ጊዜ አይበቃም ይሉ ነበር፤ ሆኖም የኬልቪንን ስሌት የሚያፈርስ ማስረጃ አላገኙም። ኬልቪን ግን አንድ በር ክፍት ትተው ነበር። ስሌታቸው የሚጸናው ሌላ ያልታወቀ የሙቀት ምንጭ ካልተገኘ እንደ ሆነ ራሳቸው ገልጠዋል።

በ1904 ዓ.ም. ራዘርፎርድ በሎንዶን በሮያል ኢንስቲትዩሽን ስለ ራዲየም ንግግር እንዲያደርግ ተጋበዘ። እርሱ ራሱ በኋላ እንዳወራው፥ ወደ አዳራሹ ሲገባ ኬልቪን ከአድማጮቹ መካከል ተቀምጠው አያቸው። በንግግሩ መጨረሻ ስለ ምድር ዕድሜ የሚናገረው ከሽማግሌው አሳብ ጋር የሚቃረን ስለ ነበር ተጨነቀ። ደግነቱ ሽማግሌው እንቅልፍ ወሰዳቸው። ከዚያች አሳሳቢ ነጥብ ላይ ሲደርስ ግን ነቅተው ዐይናቸውን እንደ ተከሉበት አየ። በዚህ ጊዜ አንድ አሳብ መጣለት። ኬልቪን የምድርን ዕድሜ የወሰኑት አዲስ የሙቀት ምንጭ እስካልተገኘ ድረስ ብለው መሆኑን አስታወሰና፥ ይህ አስቀድሞ የተነገረ ቃል ዛሬ በራዲየም መፈጸሙን ለጉባኤው አስረዳ። የሽማግሌውም ፊት በፈገግታ በራ።

ይህን ታሪክ ስናነብ የአገራችን ሽማግሌዎች የሚያስተምሩን ጨዋነት ትዝ አለን። ራዘርፎርድ ታላቁን ሰው ለማክበር ብሎ እውነቱን አልሸሸገም፤ እውነቱን ለመናገር ብሎም ታላቁን ሰው አላዋረደም። ኬልቪን አሳባቸውን በአደባባይ ሳይለውጡ በ1907 ዓ.ም. ዐረፉ፤ ነገር ግን ክፍት የተዉት በር አልተዘጋም።

ያው የአቶም መለወጥ ምድርን ከማሞቁ በላይ የጊዜ መቍጠሪያም ሆነ። አልፋ የሚባለው ጨረር የሂሊየም አቶም እንብርት ስለ ሆነ፥ በዩራኒየም ማዕድን ውስጥ ሂሊየም እየተጠራቀመ ይሄዳል። ራዘርፎርድ የተጠራቀመውን ሂሊየም ለክቶ፥ በ1905 ዓ.ም. ገደማ አንድ ማዕድን ወደ 500 ሚሊዮን ዓመት የሚጠጋ ዕድሜ እንዳለው ገመተ። ሂሊየም በዝግታ ስለሚያመልጥ እውነተኛው ዕድሜ ከዚህም እንደሚበልጥ ያውቅ ነበር። ሌሎችም ይህን መንገድ አሻሽለው በእርሳስ መለካት ጀመሩ፤ በ1956 ዓ.ም. ክሌር ፓተርሰን የምድር ዕድሜ 4.55 ቢሊዮን ዓመት ያህል መሆኑን አሳየ። ከፖታሲየም የሚወለደውን አርገን የሚለካው ሌላው መንገድ ደግሞ አገራችንን ጠቅሟል። በ1974 ዓ.ም. በአፋር በሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ እንዳላት የታወቀው፥ ከዐፅሟ አጠገብ ካለው የእሳተ ገሞራ አመድ በዚህ መንገድ ተለክቶ ነው።

እዚህ ላይ እውነቱን ሁሉ መናገር ይገባናል። የኬልቪን ስሌት የተሳሳተው በራዲዮአክቲቭ ሙቀት ምክንያት ብቻ አይደለም። በ1895 ዓ.ም. የቀድሞ ረዳታቸው ጆን ፔሪ፥ የምድር ውስጥ እንደ ጠጣር ድንጋይ ሳይሆን በዝግታ እንደሚንቀሳቀስ ነገር ሙቀትን ከጥልቅ የሚያወጣ ከሆነ የምድር ዕድሜ እጅግ እንደሚረዝም አስረድቶ ነበር። ገንፎ ሳይማሰል ቢቀር ከላይ በርዶ ከውስጥ ይፋጃል፤ ሲማሰል ግን የውስጡ ትኩሳት ሳያቋርጥ ወደ ላይ ይወጣል። ዛሬ የምድር ውስጥ ዐለት በብዙ ሚሊዮን ዓመታት እንዲህ እንደሚማሰል የታወቀ ሲሆን፥ ፔሪ የተናገረው ከኬልቪን ስሕተት ትልቁን ክፍል የሚገልጥ ሆኖ ተገኝቷል። እንግዲህ የምድርን ምሥጢር አንድ ሰው ብቻ አልፈታውም።

ራዘርፎርድ በ1907 ዓ.ም. ወደ ማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ሄደ፤ በ1908 ዓ.ም. ስለ አቶም መለወጥ ባደረገው ምርምር የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተሰጠው። በ1911 ዓ.ም. አቶም በመካከሉ እጅግ ትንሽና ከባድ የሆነ እንብርት እንዳለው ገለጠ። በ1919 ዓ.ም. በካምብሪጅ የካቨንዲሽ ላቦራቶሪ አለቃ ሆነ፤ በዚሁ ዓመት የናይትሮጅንን አቶም በአልፋ መትቶ ሃይድሮጅን ማውጣቱን አሳተመ። በ1931 ዓ.ም. ባሮን የሚለው ማዕረግ ሲሰጠው የልጅነት አገሩን ስም ይዞ የኔልሰን ሎርድ ራዘርፎርድ ተባለ። በጀርመን አገር በናዚዎች ከሥራ የተባረሩ መምህራን በ1933 ዓ.ም. መጠጊያ ሲያጡ፥ የሚረዳቸውን ማኅበር በፕሬዚዳንትነት መራ።

ይሁን እንጂ ታላቅ ሰውም ይሳሳታል። በዚሁ በ1933 ዓ.ም. ራዘርፎርድ በአንድ ጉባኤ ላይ፥ አቶምን በመለወጥ ኀይል አገኛለሁ ማለት ከንቱ ተስፋ ነው ብሎ ተናገረ። እርሱ ከሞተ ገና ሁለት ዓመት ሳይሞላ የዩራኒየም እንብርት ለሁለት መከፈሉ ታወቀ፤ በ1942 ዓ.ም. በቺካጎ የመጀመሪያው የአቶም ምድጃ ሠራ። ኬልቪን ክፍት የተዉትን ዓይነት በር፥ ራዘርፎርድ በዚህ ነገር ዘግቶት ነበር። ይህን የምንጽፈው ሊቁን ለመንቀፍ ሳይሆን፥ ያልታወቀ ነገር ይኖራል ብሎ መጠበቅ ለሁሉም የሚያስፈልግ መሆኑን ለማስታወስ ነው።

አሁን ወደ ፍሙ እንመለስ። በምድር ሆድ ያለው ራዲዮአክቲቭ ሙቀት ምን ያህል ነው? ማንም ከ12 ኪሎሜትር ብዙ የሚያልፍ ጉድጓድ ስላልቈፈረ፥ መልሱ ለብዙ ዘመን በግምት ቀረ። መልሱ ከራዘርፎርድ ተማሪዎች ሥራ በጀመረ ሌላ መንገድ መጣ። በ1914 ዓ.ም. ጄምስ ቻድዊክ በበርሊን ሳለ፥ ቤታ ጨረር ሲወጣ ከኀይሉ ከፊሉ የሚጠፋ መስሎ ታየው። በ1930 ዓ.ም. ቮልፍጋንግ ፓውሊ፥ የጐደለውን ኀይል ይዞ የሚሄድ የማይታይ ቅንጣት ሳይኖር አይቀርም አለ። ይህ ቅንጣት ኒውትሪኖ ተባለ፤ በ1956 ዓ.ም. በአሜሪካ በአቶም ምድጃ አጠገብ በእርግጥ ተገኘ። ኒውትሪኖ ተራራንም ምድርንም ያለ ችግር ሰንጥቆ ያልፋል። በምድር ውስጥ ዩራኒየምና ቶሪየም ሲለወጡ ከሚለቁት የኒውትሪኖ ዘመዶች፥ ይህን ጽሑፍ በሚያነብ ሰው በእያንዳንዷ ሴንቲሜትር ካሬ በየሴኮንዱ በሚሊዮን የሚቈጠሩ ያልፋሉ፤ እርሱ ግን አይሰማውም።

እነዚህን የሚይዝ ወጥመድ በጃፓን አገር በካሚዮካ ከተራራ ሥር ተሠራ። በውስጡ ቅንጣቷ ስትመታው ብልጭ የሚል 1,000 ቶን ፈሳሽ ተሞላ። በ2005 ዓ.ም. የዚህ ሥራ ሊቃውንት፥ ከሁለት ዓመት በላይ ከጠበቁ በኋላ ከምድር ሆድ የመጡ 25 ያህል ምልክቶች ማየታቸውን አስታወቁ። በ2010 ዓ.ም. በኢጣሊያ በግራን ሳሶ ተራራ ሥር ያለው ሁለተኛ ወጥመድ ይህንኑ አረጋገጠ። እንዲህ በጥቂት ብልጭታዎች የተደረሰበት ውጤት፥ ከምድር ከሚወጣው ሙቀት ግማሹ ያህል ከአቶሞች መለወጥ እንደሚመጣና የቀረው ምድር ስትፈጠር የነበራት የጥንት ሙቀት መሆኑን ያመለክታል። ልኩ ገና ሰፊ የስሕተት ወሰን ስላለው ምርምሩ ይቀጥላል። ሆኖም ምድጃው ውስጥ ሁለቱም አሉ፤ ኬልቪን ያሰሉት የቀድሞ ትኩሳትም፥ ራዘርፎርድ ያገኘው ፍምም።

የዚህ ሙቀት መጠን ያስገርማል። አንድ ኪሎሜትር ኩብ የሚያህል የግራናይት ተራራ ከ2 እስከ 3 ኪሎዋት ያህል ብቻ ስለሚሰጥ፥ አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ለማጋል እንኳ አይበቃም። ምድር ግን እጅግ ትልቅ ስለ ሆነች፥ ከላይዋ ሁሉ የሚወጣው ሙቀት ሲደመር 47 ሚሊዮን ሜጋዋት ያህል ይሆናል። ይህ በ2025 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ሊያመነጭ ከሚችለው ከ5,150 ሜጋዋት 9,000 ጊዜ ያህል ይበልጣል። ከዚህ ሙቀት የተነሣ ዐለቱ በጥልቅ እየተማሰለ አህጉሮችን ያንቀሳቅሳል፤ ስምጥ ሸለቋችንን የከፈተው፥ የኤርታ አሌን እሳትና የፍል ውሃዎቻችንን ትኩሳት የሚሰጠው የምድር ሥራ ከዚህ ኀይል ይመነጫል። በላንጋኖ ሐይቅ አጠገብ በአሉቶ ተራራ ጥልቅ ጉድጓዶች ተቈፍረው፥ በ1998 ዓ.ም. በአገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ ከምድር እንፋሎት ኤሌክትሪክ ማመንጨት ተጀመረ። የእኛም የጅማ ቀይ አፈር በአብዛኛው የተገኘው በጥንት ዘመን ከምድር ሆድ ቀልጦ ፈስሶ ከረጋው ዐለት መበስበስ ነው። ስለዚህ የቡናችን ሥር የሚነካው መሬት የዚያው እሳት ልጅ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም።

ኧርነስት ራዘርፎርድ በ1937 ዓ.ም. ኦክቶበር 19 ቀን በካምብሪጅ በ66 ዓመቱ ዐረፈ። አስከሬኑ ተቃጥሎ፥ ዐመዱ በሎንዶን በዌስትሚንስተር ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። ስፍራውም ከአይዛክ ኒውተን መቃብርና ከሎርድ ኬልቪን መቃብር አጠገብ ነው። ስለ ምድር ዕድሜ የተለያዩት ሽማግሌውና ወጣቱ ዛሬ በአንድ ጣሪያ ሥር ጎን ለጎን ዐርፈዋል።

እኛም የገጠር ልጆች ነን። ከመካከላችን ቡና ለቅሞ ደብተር የሚገዛ፥ አንድ ፈተና ወድቆ ትምህርቱን ለመተው ያሰበም አለ። ለእንዲህ ያለው ወንድማችንና እኅታችን የምንለው ይህ ነው፤ ራዘርፎርድ ሁለት ጊዜ ወድቆ ሁለት ጊዜ ተነሣ፤ በሁለተኛ ተመራጭነት ተላከ፤ የመጀመሪያ ላቦራቶሪው የልብስ መስቀያ ክፍል ነበረች። ዛሬ ማታ እናቶቻችን ፍሙን በአመድ ሲዳፍኑ ስናይ፥ የጠፋ የሚመስል ሁሉ የጠፋ አለመሆኑን እናስብ። ከመካከላችን አንዱ ወይም አንዷ አድጎ ወይም አድጋ፥ የአገራችን ምድር በሆዷ የያዘችውን እሳት እንዲለካ ወይም እንድትለካ እየተመኘን፥ ለመላው የትምህርት ቤታችን ቤተ ሰብ መልካም በዓል እንላለን።